ዘግይቼ የተረዳኋቸው መምህር

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ በሕይወታችሁ ላይ አሻራውን ስለተወ አንድ መምህር ጻፉልን ሲለን፣ አብዛኞቻችሁ ስድስት ኪሎ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያስተማራችሁን ሰው እንደምትመርጡ እገምታለሁ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። ብዕሬን ሳነሳ ግን የመጡብኝ አንድም ቀን ክፍላችን ገብተው ያላስተማሩን ሰው ሆኑ። ፕሮፌሰር ሃንስ ሞርገንታው ይባላሉ። ከሞቱ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የፖለቲካል ሳይንስ ልጆች ስማቸውን ስትሰሙ የፈተና ሰሞን ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ከሕግ፣ ከሳይንስና ከኢንጂነሪንግ ለመጣችሁት ደግሞ ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም አቀፍ ግንኙነትን ትምህርት እንደ አንድ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ካቆሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ናቸው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ1963 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ኮርስ ስንወስድ መምህራችን አንድ ወፍራም መጽሐፍ አዘዙልን። ፖለቲክስ አመንግ ኔሽንስ ይባላል፤ በአገሮች መካከል ስላለው ፖለቲካ ማለት ነው። ኬኔዲ ላይብረሪ የነበረው ቅጂ ትንሽ ስለነበር ተራ ጠብቀን ለጥቂት ሰዓት እየተቀባበልን ነበር የምናነበው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳነብ ደሜ ፈላ። ፖለቲካ ማለት የሥልጣን ትግል ነው፣ መንግሥታት የሚመሩት ሥልጣንን መሠረት ባደረገ ጥቅም ነው ይላል። እኛ በዚያ ዕድሜያችን ስለ ፍትሕ ካልሆነ በስተቀር ሌላ ነገር ለመስማት ጆሮ አልነበረንም።

ይባስ ብሎ ስለ ጋራ ደኅንነት በሚያትተው ክፍል ውስጥ የእኛን አገር አገኘኋት። የ1935ቱን የጣሊያን ወረራና የመንግሥታቱ ማኅበር የጣለውን ማዕቀብ ይተነትናል። አባቴ ማይጨው ላይ የቆሰለ ሰው ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ክረምት በመጣ ቁጥር እግሩን እያሸ ነው የኖረው። ታዲያ እኚህ ሰው የአባቴን ቁስል እንደ ሒሳብ ሠራተኛ በደረቁ ሲያሰሉት አገኘሁ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ምን ፈለጉ፣ ምን አተረፉ፣ ምን ከሰሩ፤ በቃ። ሴሚናር ላይ ተነሥቼ ይህ ሰው ኅሊና የለውም ብዬ ተናገርኩ። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። መምህራችን ብቻ ፈገግ ብለው፣ እኚህ ሰው ይህንን የት ሆነው እንደተማሩት መጀመሪያ አጣራ አሉኝ። እኔ ግን ሳላጣራ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ያጣራሁት ለትምህርት ውጭ አገር ከሄድኩ በኋላ ነው። ያገኘሁትን ነው ዛሬ የማወራችሁ።

ሃንስ ሞርገንታው ጀርመን ውስጥ ኮበርግ በምትባል ከተማ በየካቲት 1904 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አንድ ልጅ ናቸው። አባታቸው ሐኪም ሲሆኑ ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነበር። ኮበርግ ውብ ከተማ ናት ይባላል፤ ነገር ግን ጥላቻ ቀድሞ የገባባት ከተማም ነበረች። ሂትለር በ1922 ተከታዮቹን አስከትሎ በጎዳናዎቿ ላይ ሰልፍ ወጥቷል። በ1929 ደግሞ በጀርመን የከተማ ምክር ቤት ውስጥ የናዚ ፓርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ አብላጫውን ወንበር የያዘው እዚያው ነው።

ወጣቱ ሃንስ የሚማሩበት ትምህርት ቤት የቆየ ልማድ ነበረው። በየዓመቱ የትምህርት ቤቱ መሥራች መስፍን ሲታሰብ ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ተማሪ በሐውልቱ ላይ የአበባ ጉንጉን ያደርግና ንግግር ያሰማል። በ1922 ተራው የእሳቸው ሆነ። አይሁዳዊ ልጅ ለዚህ ክብር መብቃቱ ከተማውን አስቆጣ። ንግግር በሚያደርጉበት ሰዓት ከሥልጣን የወረደው የአካባቢው መስፍን ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ አፍንጫውን ይዞ ነበር። የ18 ዓመት ልጅ፣ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ፣ የመሸለሚያው ቀን የመዋረጃው ቀን ሲሆንበት አስቡት። ይህንን ሳነብ ሴሚናር ላይ የተናገርኩት ንግግር ትዝ አለኝና አፈርኩ። ጥላቻ ክብር የሚመስል ልብስ ለብሶ አደባባይ ሲቆም በዓይናቸው ያዩትን ሰው ነው እኔ ኅሊና የለውም ያልኩት።

ፍልስፍና ሊማሩ ፍራንክፈርት ቢገቡም የጠበቁትን አላገኙምና ወደ ሕግ ዞሩ። በሙኒክና በበርሊንም ተምረዋል። ከዚያ ፍራንክፈርት ውስጥ ሁጎ ሲንዝሃይመር ከተባሉ ስመ ጥር የሠራተኛ ሕግ ጠበቃ ጋር ሠሩ። ሲንዝሃይመር የቫይማር ሪፐብሊክን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ከተሳተፉት አንዱ ናቸው። ወጣቱ ጠበቃ እዚያ ያዩት ነገር አንድ ትምህርት ሰጣቸው፤ የሠራተኛው መብት በወረቀት ላይ ቢሰፍርም ኃይል ያለው ወገን ካልፈለገ ወረቀቱ ብቻውን ምንም አያደርግም።

በ1929 የታተመው የዶክትሬት ጥናታቸውም ይህንኑ ጥያቄ ወደ ዓለም አቀፍ ሕግ ወሰደው። በአገሮች መካከል ሁለት ዓይነት ጠብ አለ ይላሉ። አንዱ ዳኛ ሊፈታው የሚችል ክርክር ነው። ሌላው ከክርክሩ በታች ያለ ውጥረት ነው፤ አንዱ ወገን ያለውን ሁኔታ ለመጠበቅ፣ ሌላው ለመገልበጥ የሚፈልግበት። ይኼኛውን ፍርድ ቤት አይደርስበትም።

እስቲ ይህንን ወደ እኛ ታሪክ አምጡት። በኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ግጭት ሲነሣ ጉዳዩ ለሽምግልና ቀረበ። ሸምጋዮቹ መርምረው በመስከረም 1935 መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ወገን ለግጭቱ ተጠያቂ አይደለም ብለው ወሰኑ። ክርክሩ አለቀ። ውጥረቱ ግን ባለበት ነበርና ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 3 ቀን፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ሞርገንታው ከ6 ዓመት በፊት የጻፉት ሐሳብ በእኛው ደም ተረጋገጠ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1932 ጄኔቫ ሄደው ማስተማር ጀመሩ። በዓመቱ ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ ወደ አገር መመለስ ቀረ። ጄኔቫ ላይ የማስተማር ማዕረግ ለማግኘት ያቀረቡት የምርምር ሥራ መጀመሪያ ተቀባይነት አላገኘም ነበር። ያዳኗቸው ከጀርመን ተባረው የመጡት ታላቁ የሕግ ሊቅ ሃንስ ኬልዘን ናቸው። ኬልዘን ሕግን ከፖለቲካ ለይተው የሚያጠኑ ሰው ስለነበሩ በብዙ ነገር አይስማሙም ነበር። ቢሆንም ሥራው ጥሩ ነው ብለው መሰከሩላቸው። ከእኔ ሐሳብ ጋር አይገጥምም ብሎ የተማሪን ወረቀት መጣል ስንት ጊዜ አይተናል? መምህራን የሆናችሁ ይህቺን ያዙልኝ።

በ1935 ደግሞ ወደ ማድሪድ ሄዱ። በዚያው ዓመት ከሃምሳ የሚበልጡ አገሮች በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣሉ፤ ነዳጅ ግን አልተከለከለም፣ ስዊዝ ካናልም አልተዘጋም። በሰኔ 1936 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥታችን ጄኔቫ ቆመው አቤት ካሉ በኋላ በቀናት ውስጥ ማዕቀቡ እንዲነሣ ተወሰነ። በዚያው ሐምሌ ስፔን ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። ሞርገንታውና ባለቤታቸው ኢርማ በዚያን ጊዜ ከስፔን ውጭ ነበሩ፤ ቤታቸውንና ንብረታቸውን እንደወጡ አጡት። አገር የሌላቸው፣ ሥራ የሌላቸው ባልና ሚስት ከከተማ ከተማ ሲንከራተቱ ቆይተው በ1937 አሜሪካ ገቡ።

እናንተ በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ጓደኞቼ የሚቀጥለውን ክፍል ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በሦስት አገር ያስተማሩ የሕግ ምሁር ኒውዮርክ ሲደርሱ ማንም አያውቃቸውም። ብሩክሊን ኮሌጅ ጊዜያዊ ሥራ አገኙ። ከዚያ ካንሳስ ሲቲ ሄደው በትንሽ ደመወዝ ከሕግ እስከ ታሪክ የተሰጣቸውን ኮርስ ሁሉ ያስተምሩ ነበር። በ1943 የአሜሪካ ዜግነት አገኙ፤ በዚያው ዓመት ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በጊዜያዊነት ወሰዳቸው። ጊዜያዊው ቋሚ ሆነና ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆዩበት።

ቺካጎ ላይ ሁለት መጻሕፍት አከታትለው አወጡ። በ1946 የታተመው የመጀመሪያው፣ ሳይንስና ቀመር የሰውን ልጅ የፖለቲካ ችግር ይፈታዋል ብለው የሚያምኑትን ይሞግታል። በ1948 የወጣው ሁለተኛው ያ እኛ የተቀባበልነው ወፍራም መጽሐፍ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ተሠራጭቶ የአንድ ትውልድ መማሪያ ሆነ። ሁላችንም ለፈተና የምንሸመድዳቸው ስድስቱ የሪያሊዝም መርሆዎች በመጀመሪያው እትም አልነበሩም፤ የተጨመሩት በ1954ቱ ሁለተኛ እትም ነው።

ችግሩ አብዛኞቻችን አንደኛውን መርሆ ሸምድደን አራተኛውና አምስተኛው ላይ ሳንደርስ መቅረታችን ነው። አራተኛው እንዲህ ነው፤ በፖለቲካ ውስጥ ግብረ ገብ አለ፣ ነገር ግን የግብረ ገብ ትእዛዝና የተሳካ የፖለቲካ ሥራ የሚጠይቀው ነገር ይጋጫሉ። ግጭቱን የሉም ብሎ መሸፈን አይቻልም። አንድ ሰው ለራሱ እውነት ልሙት ብሎ ሊወስን ይችላል። መንግሥት ግን የሚወስነው በሌሎች ሕይወት ላይ ነውና ይህ ውሳኔዬ ምን ያስከትላል ብሎ ማሰብ ግዴታው ነው። ይህንን አስተዋይነት ሞርገንታው ከፖለቲካ በጎ ምግባሮች ሁሉ በላይ ያስቀምጡታል። ልብ በሉ፤ አስተዋይነት እሳቸው ዘንድ የብልጣብልጥነት ስም አይደለም፣ ራሱ ግብረ ገብ ነው።

አምስተኛው ደግሞ የአንድ አገርን ምኞት ከዓለም የግብረ ገብ ሕግ ጋር አንድ አድርጎ ማየትን ይከለክላል። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው፣ ታሪክ ከእኛ ጋር ነው ብሎ የሚነሣ መንግሥት የራሱን ጥቅም በቅድስና ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ ጠላቱ ተፎካካሪው መሆኑ ይቀርና ርኩስ ይሆናል፤ ከርኩስ ጋር ደግሞ ድርድር የለም። ጥቅሙን የሚያውቅ መንግሥት ግን የሌላውም ጥቅም ጥቅም መሆኑን ስለሚያውቅ የሚያቆምበትን ቦታ ያውቃል። ባጭሩ ብሔራዊ ጥቅምን የፈለጉት የሰውን ጭካኔ ልክ የሚያሲይዝ ልጓም እንዲሆን ነው።

በዚያው መጽሐፍ ስለ ዓለም አቀፍ ግብረ ገብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ፤ እኛ ለፈተና አይመጣም ብለን የዘለልነው። መንግሥታት ቢያደርጉት ሊጠቅማቸው የሚችል፣ ነገር ግን የማያደርጉት ነገር አለ ይላሉ። ከምሳሌዎቹ አንዱ የ1943ቱ የቴህራን ጉባኤ ነው። እራት ላይ ስታሊን ከጦርነቱ በኋላ 50,000 የጀርመን መኮንኖች ይረሸኑ የሚል ሐሳብ ያነሣል። ቸርችል በዚያ ነገር አልተባበርም ብሎ ከማዕዱ ተነሥቶ ይወጣል። ጀርመን ለእንግሊዝ የሞት ሽረት ጠላት ነበረች፤ መኮንኖቿ ቢያልቁ ለእንግሊዝ በጥቅም ረገድ ምን ይጎዳል? ቸርችልን ያስነሣው ኅሊና ነው። ሞርገንታው ይህንን የሚጠቅሱት ኅሊና የሚባል ነገር በመንግሥታት መካከልም እንዳለ፣ በእሳቸው ዘመን ግን እየሳሳ መሄዱን ለማሳየት ነው። የቀድሞ ነገሥታትና ዲፕሎማቶች ቢዋጉም በጋራ የሚያፍሩበት ነገር ነበራቸው። እያንዳንዱ አገር የራሱን ሃይማኖት መሰል ርዕዮት ሲይዝ ያ የጋራ እፍረት ጠፋ።

አሁን ወደ አባቴ ቁስል ልመለስ። በዚህ ዓይን ደግሜ ሳነበው የኢትዮጵያ ክፍል ሌላ መልክ ያዘ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ጣሊያንን በሂትለር ላይ አጋር አድርገው ለማቆየት ፈለጉ፤ በዚያው ልክ የመንግሥታቱን ማኅበር ሕግ ያስከበሩ መስለው ለመታየት ፈለጉ። ሙሶሊኒን ለማስቆጣት የሚበቃ፣ ለማስቆም ግን የማይበቃ ማዕቀብ ጣሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ሙሶሊኒም ወደ ሂትለር ሄደ፣ ኢትዮጵያም ተወረረች፣ ማኅበሩም ፈረሰ። ሞርገንታው የእኛን መከራ አላቃለሉትም። ለታይታ የሚደረግ ግማሽ ልብ ግብረ ገብ ከምንም የከፋ ነው እያሉ ነበር። ትልቆቹ አገሮች ለማይሞቱለት መርሕ እንማልልሃለን ሲሉት ያመነ ትንሽ አገር ዋጋውን በደም ይከፍላል። አባቴ ይህንን ሳይማር ያውቀው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ለዚህ ነው እኚህን ሰው የመረጥኩት።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ሁላችንም ለዘመቻ ወጣን። ስንመለስ ከተማው ሌላ ነበር። ከእኔ ጋር አንድ ዶርም ያደርን፣ አንድ መጽሐፍ በተራ ያነበብን ጓደኛዬ አንዱ ድርጅት ውስጥ ገባ፤ እኔ ሌላው ውስጥ። ሁለታችንም ሕዝቡን ነበር የምንወድ። በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በስቴንስል ተባዝቶ የተበተነ አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። በእሱ ወገን የቆመ ሁሉ የሕዝብ ጠላት ነው፣ ለጠላት ርኅራኄ ማሳየት ክህደት ነው የሚል ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ አምኜበት ነው የጻፍኩት። በሚቀጥለው ዓመት አራት ኪሎ መንገድ ላይ ተያየን። ሊያናግረኝ ፈልጎ ቆመ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ከቤቱ ተወስዶ እንደወጣ ቀረ፤ እናቱ ሬሳውን እንኳ አላገኙም።

የእኔ ወረቀት ገደለው አልልም። ገዳዮቹ ወረቀት የሚያነቡ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን የገደለው ሐሳብ የእኔም ሐሳብ ነበር። አምስተኛውን መርሆ አንብቤዋለሁ እኮ! በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ስለ አሜሪካና ስለ ሶቪየት ኅብረት የተጻፈ እንጂ ስለ እኔ የተጻፈ አልመሰለኝም። ድርጅቴን ከእውነት፣ ጓደኛዬን ከርኩሰት ጋር አንድ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ሞርገንታው ግን ያስተማሩትን በራሳቸው ላይ ሲደርስ አልሸሹትም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ማጭበርበር ተጋልጦ ነበር። መልሱ ቀድሞ ሲሰጠው የነበረ አንድ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ጥፋቱን አመነ። ሕዝቡና ተማሪዎቹ አዘኑለት፤ ከሥራ መሰናበቱንም ተቃወሙ። ሞርገንታው በጋዜጣ ጽፈው አዘኔታውን ተቃወሙት። የመምህር ሙያው እውነት ነው፤ እውነትን ከሸጠ ሌላ የሚያስተምረው ነገር አይኖረውም የሚል ነበር ሐሳባቸው። ጨካኝ ተባሉ።

ብዙ ሳይቆይ ፈተናው ወደ ራሳቸው መጣ። ደቡብ ቬትናምን በ1955 ጎብኝተው ስለነበር አሜሪካ እዚያ የምታቆመው መንግሥት ከሕዝቡ የተነጠለ መሆኑን አስቀድመው ጽፈዋል። ጦርነቱ እየተስፋፋ ሲሄድ በግልጽ ተቃወሙ። መከራከሪያቸው ጦርነት ሁሉ ኃጢአት ነው የሚል አልነበረም። የአሜሪካ ጥቅም እዚያ የለም፣ ኮሚኒዝምን እንደ አንድ ርኩስ መንፈስ አይታችሁ የእያንዳንዱን አገር የራሱን ታሪክ ረስታችኋል፣ የማታሸንፉትን ጦርነት ለማሸነፍ ስትሉ ልታድኑት የመጣችሁትን ሕዝብ ትጨርሳላችሁ የሚል ነበር። እኚያ የሥልጣን ፖለቲካ አባት የተባሉት ሰው ግንባር ቀደም የጦርነቱ ተቃዋሚ ሆኑ። ብዙ ሰው ግራ ገባው፤ አራተኛውን መርሆ ላነበበ ግን ግራ የሚያጋባ አልነበረም።

በወቅቱ የመከላከያ ሚኒስቴር አማካሪ ነበሩ። በ1965 ከአማካሪነታቸው ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከፕሬዚዳንት ጆንሰን የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ከማክጆርጅ በንዲ ጋር በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ። በንዲ ስለ ቬትናም ብቻ ከመነጋገር ይልቅ የፕሮፌሰሩን የቀድሞ የተሳሳቱ ግምቶች እያነሣ አጠቃቸው። ክርክሩን በአነጋገር ያሸነፈው በንዲ ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። ፕሮፌሰሩ የመድረክ ሰው አልነበሩም፤ ከባድ የጀርመን አነጋገራቸውም አልለቀቃቸውም። ከዚያ ወዲህ የነበሩት አሥር ዓመታት ግን ማን ትክክል እንደነበረ አሳዩ። እሳቸው በዚያ ሲደሰቱ አልታዩም። መንግሥት እውነትን የሚናገሩትን ለምን እንደሚፈራ መጻፉን ነው የቀጠሉት።

ሌላው ያሳሰባቸው የኑክሊየር መሣሪያ ነበር። ያስተማሩት ትምህርት በሙሉ የቆመው ኃይል ለዓላማ መሣሪያ ነው በሚለው ላይ ነው። ኑክሊየር ግን ዓላማውንም፣ ተጠቃሚውንም፣ ተጎጂውንም አብሮ ያጠፋል። በ1961 ባወጡት ጽሑፍ ሰው ለአንድ ነገር ብሎ ሲሞት ሞቱ ትርጉም የሚያገኘው የሚያስታውስ ትውልድ ስላለ ነው፤ ሁሉም ካለቀ ግን ጀግና የሚባል ነገርም አይኖርም የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ስለዚህም የድሮው የአገሮች ሥርዓት እንደማያዛልቅና ከእሱ የተሻለ የዓለም ሥርዓት ማስፈለጉን ተቀበሉ። ይህ ሥርዓት ግን በአዋጅ አይመጣም፤ ዲፕሎማቶች በትዕግሥት፣ ጥቅምን በጥቅም እያስታረቁ የሚገነቡት ነው አሉ። የራሳቸው መጽሐፍ የቆመበትን መሠረት ጊዜው ሲያናጋው ደብቀው አላለፉትም።

በ1968 ወደ ኒውዮርክ ተመልሰው ሲቲ ኮሌጅ፣ በኋላም ኒው ስኩል አስተማሩ። ሃና አረንትን የመሰሉ ስደተኛ ምሁራን ወዳጆቻቸው ነበሩ። በሶቪየት ኅብረት ለሚኖሩ አይሁዶች መብት የሚሟገት የምሁራን ኮሚቴም መርተዋል። በጥቅምት 1979 የተሳፈሩበት የስዊስ አየር መንገድ አውሮፕላን አቴንስ ላይ ሲያርፍ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ተቃጠለ። 14 ሰዎች ሲሞቱ እሳቸው ተረፉ። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በሐምሌ 19 ቀን 1980፣ በ76 ዓመታቸው ኒውዮርክ ውስጥ አረፉ።

እንከን የላቸውም ማለቴ አይደለም። ብሔራዊ ጥቅም የሚሉት ነገር ማን ሲለካው ነው ብሔራዊ የሚሆነው የሚለውን ጥያቄ በሚገባ አልመለሱትም። በመጽሐፋቸው ውስጥ እንደኛ ያሉ አገሮች በአብዛኛው ትልልቆቹ የሚጋጩበት ሜዳ ናቸው እንጂ የራሳቸውን ሐሳብ ይዘው የሚንቀሳቀሱ ሆነው አይታዩም። አድዋን ያየ ሰው ይህ አይዋጥለትም። የዛሬዎቹ የዲፓርትመንቱ መምህራን ይህንን ለማረም ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበላችሁ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስታስነብቡ ስለ ግብረ ገብ የሚናገረውንም አብራችሁ አስነብቡ። ፈተናው ላይም አምስተኛውን መርሆ ስታወጡ ስለ ሩቅ አገር ሳይሆን ተማሪው ስለሚደግፈው ወገን እንዲጽፍ ጠይቁት። እኔን እንደዚያ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ምን እንደምጽፍ አላውቅም፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ይኖር ነበር።

ለክፍል ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ለዚህ መጽሔት ፎቶ ስናሰባስብ የዚያ ጓደኛችን አንድም ፎቶ አላገኘንም። እናቱ ዘንድ የነበረው በፍተሻ ተወስዷል። ሁለተኛ ዓመት እያለን ከላይብረሪው ደረጃ ላይ አምስት ሆነን የተነሣነው ፎቶ ነበር፤ እሱ ከቀኝ ሁለተኛው፣ መጽሐፍ በብብቱ የያዘው ነው። አልበማችሁን እስቲ ፈትሹልኝ። ያገኘ ሰው የመገናኛው ዕለት ይዞት ይምጣ፤ መግቢያው ላይ እጠብቃለሁ።